አትንኳት፣ ወጥታለች!

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ የጠፋብኝ ፊቱ ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን እሱ የመታወቂያ ፊት ነው፤ አፉን ገጥሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ደግሞ የባሰው ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፊት፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ትራስ ላይ ያለው። ጤነኛውን ደምሴን ፈልጌ አጣሁት። ሲስቅ አንድ ዓይኑ እንደሚጨፈን አውቃለሁ፤ አውቃለሁ እንጂ አይታየኝም። ድምፁም እንዲሁ። የተናገረኝን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የተናገረበት ድምፅ ግን የለም። ከወረቀት ላይ እንዳነበብኩት ሆኖ ነው የሚመጣልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቀብሩ ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነበር።

አልማዝ እባላለሁ። የምኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ደምሴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከአቃቂ በቃሊቲና በሳሪስ አድርጎ ለገሃር በሚወስደው መስመር ለብዙ ዓመት የነዳው እሱ ነው። ልጃችን ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች። እና እኔ ብቻዬን፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ስልኬን ይዤ መቀመጥ ልማድ አደረግኩ።

አንድ ቀን መዝሙር ስፈልግ ስልኩ ላይ አንድ ሰውዬ መጣብኝ። ፊቱ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው፤ ረጋ ያለ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ። «ሥጋዎን አልጋ ላይ ትተው መጓዝ ይችላሉ» ይላል። ልዘጋው ስል፣ «በዚህ መንገድ የተለዩንን ሰዎች ማየትና ድምፃቸውን መስማት ይቻላል» አለ። እጄ ቀረ። አልዘጋሁትም።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በጀርባ ትተኛላችሁ፤ እጃችሁ ገላችሁን አይነካም። ከእግር ጣት ጀምራችሁ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በስሙ እየጠራችሁ «ዕረፍ» ትሉታላችሁ። ትንፋሻችሁ ይረጋል። ገላ ሲተኛ፣ ሐሳብ ግን ሲነቃ፣ መላ ሰውነት እንደ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ይነዝራል፤ ያኔ መፍራት የለም። ከዚያ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ አለ ብላችሁ በሐሳባችሁ ትይዙታላችሁ፤ እየጎተታችሁ ትወጣላችሁ።

ሞከርኩ። ጉልበቴ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሳይወስደኝ ገመዱ ላይ ከደረስኩም፣ ገመድ ሲባል እኔ የሚታየኝ የልብስ ማስጫ ነው። በሐሳቤ እንኳ ስጎትተው ካልሲ ይረግፍብኛል። ለነፍስ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ምክንያቱ ይገባችኋል።

የደረሰችብኝ ሙኒራ ናት። ሙኒራ በጎናችን ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት፤ ብዙ ዓመት ተጎራብተናል። በዕድሜ እበልጣታለሁና «እትዬ» ትለኛለች፤ ግን «አንቺ» እያለች ነው የምታወራኝ፤ ሁለቱንም ለምጄዋለሁ። የዚያን ቀን ለልጇ የቤት ሥራ ልትጠይቀኝ ሳታንኳኳ ገባች። እኔ ሶፋው ላይ እንደ እንጨት ተዘርግቻለሁ፤ ስልኩ ደግሞ «አሁን ከሥጋዎ ይለዩ» ይላል።

«ያ አላህ! እትዬ!»

«ደህና ነኝ፣ አትጩሂ።»

«ሰውዬው ተለዪ እያለሽ ደህና ነኝ?»

ተነስቼ ነገርኳት። ፊቱ እንደጠፋብኝ፣ ለምን እንደምተኛ፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ትምህርቱን ከመጀመሪያው አስከፍታ ሰማችው።

«ነፍስሽ ስትወጣ በበር ነው የምትወጣው?»

«በግድግዳም ታልፋለች ይላል።»

«ሱቅ መጥታ ብትቆም አውቃታለሁ?»

«ምን ትሠራለች ሱቅሽ?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። አንቺ ሁሌ ሳሙና ትረሺያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ሙኒራ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። አንድ ነገር በተለይ ያዘች። ሰውዬው፣ «ነፍስ በጉዞ ላይ ሳለች ገላን ማንም አይንካ፤ ከተነካ ጉዞው በድንጋጤ ይቋረጣል» ብሎ ነበር። ለእሷ ይሄ የትምህርቱ ሁሉ አናት ሆነ። ስተኛ በሩ ላይ ትቆማለች። ድመት እንኳ አታሳልፍም።

የገመዱ ነገር እንደማይሆንልኝ ሲገባኝ ወደ ሌላው ዘዴ ተሻገርኩ። በእጅና በእግራችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ ምረጡ፤ በቀን ሄዳችሁ ተቀመጡበት፤ ሽታውን፣ ድምፁን፣ የምትነኩትን ሁሉ አጥኑ፤ ቤት ተመልሳችሁ ስትተኙ ወደዚያ ቦታ ሂዱ ይላል።

የእኔ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ነው። ደምሴ እሑድ ተረኛ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን ይዤ እሳፈር ነበር። ለገሃር ደርሰን እንበላለን፤ ከዚያ አብረን እንመለሳለን። ሌላው ባልና ሚስት ሶደሬ ወርዶ ይዝናናል፤ እኛ ለገሃር። ከሞተ ወዲህ ግን ያን አውቶቡስ ረግጬ አላውቅም። ከፌርማታው ማዶ ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ።

«ቅዳሜ ልሄድ ነው» አልኳት ሙኒራን።

«ብቻሽን?»

«ላጠና ብቻ ነው። አልወጣም።»

«ድንገት ብትወጪስ? ሕዝብ መሃል? እዚያ ማን ይጠብቅሻል?» ሱቁን ለባሏ ሰጥታ፣ አረንጓዴ ሒጃቧን አሳምራ ለብሳ ከእኔ ቀድማ ፌርማታው ላይ ተገኘች።

ጠዋት ነበር፤ ፀሐዩ ገና አልከረረም። በኋላ በር ገባን፤ ትኬት ቆራጯ፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ ቆርጣ ሰጠችን። ብረቱን እየያዝኩ ወደ ፊት ሄድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ሙኒራ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጥን። ሹፌሩን ሆን ብዬ አላየሁትም። ኮፍያ ያደረገ ጀርባው ሰፊ ሰው እንደሆነ ብቻ ነው ያየሁት፤ የደምሴ ጀርባ አይደለም፤ ያ በቃኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ማጥናት ጀመርኩ። ከፊቴ ያለውን ብረት ጨበጥኩ፤ ቀለሙ በሰው እጅ ብዛት ተልጦ ለስልሷል። የወንበሩ ፕላስቲክ ተሰንጥቋል፤ ጣቴን በስንጥቁ አስኬድኩ። የናፍጣ ሽታ አለ፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ብርቱካን ይልጣል። ሞተሩ ሲነሳ ንዝረቱ ከእግሬ ሥር ጀምሮ ወደ ጉልበቴ ወጣ። የአቃቂን ድልድይ ስናልፍ ድምፁን ብቻ ልስማ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ሶፋ ላይ ተለማምጄው ኖሮ ገላዬ ሳላዘው ጀመረ። የእግር ጣት ዕረፍ፤ ቁርጭምጭሚት ዕረፍ። ጉልበቴ ላይ ስደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የሞተሩ ንዝረት ቀስቅሶ ይዞኛል። ንዝረቱ ወደ ሆዴ፣ ወደ ደረቴ፣ ወደ ጥርሴ ወጣ። የአውቶቡሱ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ። ከዚያ በድንገት ንዝረቱ ቆመ፤ ቀለልኩ።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ገና ሕፃን ሳለሁ አባቴ ብብቴን ይዞ ወደ ላይ ሲያነሳኝ የሚሰማኝ ዓይነት ነበር፤ ሆድ የሚያስቅ። ከላይ ሆኜ አንዲት ሴት አየሁ። ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራቷል፤ የፀጉሯ መሃል ሸብቷል። ይቺ ሴትዮ ፀጉሯን የማትቀባው ለምንድነው አልኩ። ከጎኗ አረንጓዴ ሒጃብ አለ። ወዲያው ገባኝ፤ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። አልደነገጥኩም። እንዲያውም አዘንኩላት፤ ጉልበቷ ላይ ያጣመረችው እጇ በጣም ደክሞት ነበር።

አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰው ተጋፋ፤ ጫጫታው ሩቅ ነበር። በዚያ መሃል ከፊት አንድ ድምፅ መጣ፤

«ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፣ የኔ ጌቶች! መሃሉን ባዶ ያደረጋችሁት ለሙሽራ ነው?»

ዘለግ አድርጎ፣ እንደ መዝፈን እያለ፣ «ሙሽራ» ላይ ሲደርስ ቀጭን እያደረገ። የደምሴ ድምፅ ነው። ዞር ስል አየሁት። መሪውን ይዞ ወደ ኋላ ዞሯል። ጉንጩ ሞልቷል። የፊት ጥርሱ ክፍተት፣ ግንባሩ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ ከጠዋት መላጨት ያመለጠችው አገጩ ሥር ያለች ፀጉር ሳትቀር። እየሳቀ ነው፤ አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል። ያየኝ እኔን ነው። ደስታ እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል? ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያገኘሁት ከሙኒራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳስደገምኳት ቁጥሩን አላውቀውም።

የቆምነው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት መታጠፊያ አጠገብ ነበር። እስረኛ ጠይቀው የሚመለሱ ሰዎች ባዶ ምሳ ዕቃቸውን እያንኳኩ ገቡ። አንዲት ቀይ ሴት ዕቃዋን አቅፋ ከእኛ ዘንድ ደረሰች፤ ለእኔ፣ «እማማ፣ ይቺን እግርዎ ሥር ላስቀምጣት?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ጎንበስ ብላ አየችኝ። ዓይኔ ተጨፍኗል፤ እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ ይወርዳል፤ እኔ ግን ፈገግ ብያለሁ። ደንግጣ ትከሻዬን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ ሙኒራ እጇን ቀጨም አድርጋ ያዘቻት።

«አትንኪያት!»

«ምን ሆነች?»

«ወጥታለች።»

«ከየት ነው የወጣችው?»

«ከራሷ!»

አውቶቡሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገረ።

«ምን አለች?»

«ከራሷ ወጥታለች አለች።»

«በስመ ሥላሴ! ይሄ ሌላ ነገር አይደለም፣ ጸበል ነው የሚፈልገው። ወዲያው አቦ ይውሰዷት!»

«ማዘር ስኳር ይኖርባታል፤ ብርቱካኑን ስጧት!»

«ተበልቷል።»

«ክብሪት!» አሉ ከመሃል አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት። «ክብሪት ያለው ሰው! ጭሱን ስታሸት ትነቃለች!»

«ፋዘር፣ ክብሪት ለሚጥል በሽታ ነው እኮ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? ይጥላል እንጂ ያነሳል?»

ትኬት ቆራጯ ከኋላ ተነስታ ቆመች። «እኔ የማውቀው ትኬት መቁረጧን ነው። ወጥታለች ካልሽ የትኛው ፌርማታ ነው የወረደችው?»

ሙኒራ ተነስታ ሁለት እጇን ዘርግታ ከለለችኝ። «አትሳቁ! ባሏን ልታይ ነው የሄደችው! ማንም አይነካትም! ሕግ ነው!»

«የማን ሕግ?»

«የስልኩ ሰውዬ!»

«ባሏ የት ነው ያለው?»

«ሞቷል!»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። የሚያማትበው አማተበ፤ የሚወርደው ወደ በሩ ተጋፋ። አንዱ ወጣት ሞባይሉን አወጣ፤ ቀይዋ ሴት በምሳ ዕቃ ክዳን መታችው፤ «እናትህ ብትሆን ትቀርፃታለህ?» ሹፌሩ ጫጫታውን ሰምቶ አውቶቡሱን ጥግ አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። በዚህ መሃል አዛውንቱ ክብሪት አግኝተዋል። በሙኒራ ብብት ሥር ጎንበስ ብለው ጫሩና አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት።

«አትንኳት አልኩ እኮ!»

«እኔ መች ነካኋት? የነካት ጭሱ ነው።»

አስነጠስኩ። ወደ ጉድጓድ እንደሚወረወር ባልዲ ተመልሼ ገላዬ ውስጥ ወደቅኩ። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ጺም ነው፤ ከጺሙ በላይ የተቃጠለ ክብሪት፤ ከክብሪቱ በላይ ደግሞ እንደ ሠርግ ፎቶ የተደራረበ የሰው ፊት። ሙኒራ ታለቅሳለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጣች!» አሉ አዛውንቱ።

በሕይወቴ በሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያኔ ጮኽኩ። «ምነው አባቴ! አግኝቼው ነበር እኮ! አሁን፣ እዚሁ፣ አግኝቼው ነበር!»

«ማንን ልጄ?»

«ደምሴን!»

ከፊት በኩል፣ «የትኛውን ደምሴ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ጋሽ ደምሴን?»

ያው ድምፅ ነው። ያው ዘለግ ማድረግ። ሹፌሩ ሰዉን እየገፋ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ። ሰፊ፣ ጺማም ሰው ነው፤ ግን ዓይኑን ሳይ ከጺሙ ሥር አንድ ቀጭን ልጅ ታየኝ፤ ከጥንት ጀምሮ የሚርበው።

«እትዬ አልማዝ! እኔ ነኝ፣ ብሩክ! አላወቁኝም?»

ብሩክ ገና ሲቀጠር ከደምሴ ጋር አብሮ እየተሳፈረ መንገዱን የተለማመደ ልጅ ነው። የእሑዱን ምሳ ከእኛ ጋር ይበላ ነበር። በኋላ ወደ ሌላ መስመር ተዛውሮ ሳንገናኝ ቀረን፤ ወደዚህኛው የተመለሰው በቅርቡ ነው።

«ቅድም አንተ ነህ… ጠጋ ጠጋ በሉልኝ ያልከው?»

አፈረ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከሳቸው ነው የተማርኩት። መሪ ስይዝ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው፤ ድምፁም አብሮ ይመጣል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።»

እንግዲህ እሱ አልነበረም። ብሩክ ነበር። ተስፋዬ ሁሉ፣ ሶፋው፣ ገመዱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አንድ ሹፌር ሰው ሲያስጠጋ የሰማሁት ነው። የጠፋው እንደገና እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

«ልትሄድ ነው!» አሉ አዛውንቱ፤ ክብሪት ሲያወጡ ተሰማኝ።

ፊቱ እዚያው ነበር። የትራሱ ፊት አይደለም፤ የመታወቂያውም አይደለም። ደምሴ ነው፣ ጉንጩ የሞላው፣ አገጩ ሥር የተረሳች ፀጉር ያለችው። ዓይኔን ገለጥኩ፤ ጨፈንኩ፤ አለ። ደግሜ ገለጥኩ፤ ጨፈንኩ፤ አለ። መሳቅ ጀመርኩ። ሳቄ ሙኒራን አስደነገጣት።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አልሄደም። ሙኒ፣ እዚሁ ነው። አልሄደም!»

ከዚያ ብሩክን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ በልልኝ» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ፊት…»

«በል እንጂ!» አለ አውቶቡሱ። «ሳናውቅህ ስትለን አልነበር?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ኮፍያውን መልሶ አደረገ፤ ያለኮፍያ አይሆንልኝም አለ። ወደ መሪው ሄዶ ተቀመጠና ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ሙሽራ» የሚለውን ቀጭን አድርጎ አለው። ቀይዋ ሴት ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ መታች።

«እኔ አውቃቸዋለሁ! ጠባሳ ያላቸው አይደሉም? የእርስዎ ባለቤት ናቸው? ወንድሜን ስጠይቅ ሁሌ በሳቸው ነበር የምሄደው። 'ዛሬ ደግሞ ምን ሠርተሽ ነው፣ ሽታው መሪ ሊያስለቅቀኝ ነው' ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እያለቀስኩ ስሳፈር፣ ምን ሆነሽ ሳይሉኝ 'እዚህ ጋ ቁሚና እግረኛ ጠብቂልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል' አሉኝ። እስከ ሳሪስ እግረኛ ስጠብቅ ማልቀሱን ረሳሁት። ዓይናቸው እኮ ምንም አልሆነም!»

«እኔን አስወርዶኛል» አሉ አዛውንቱ።

«ደምሴ?»

«ዶሮ ይዤ ነበር፣ ለበዓል። አመለጠችኝና ሄዳ መሪው ላይ ቆመች። 'አባቴ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትወርዳላችሁ፤ እሷ ግን ጨዋ ናት' አለኝ።»

«ወረዱ?»

«በሩ ላይ አድርሶ መለሰኝ! ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። እስከ ሳሪስ ዶሮዋን ያቀፋት እሱ ነበር፤ በአንድ እጁ። መቼም ያ ልክ አልነበረም።» ይህን ሲሉ እሳቸውም ከዘራቸውን ደግፈው ይስቁ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው ሰዓቱን እያየ፣ «እኛ እኮ ሥራ አለን!» አለ።

ትኬት ቆራጯ ዞር አለችበት። «ቆይ አንተ። ጋሽ ደምሴ ትንሽ ይቀመጡ።»

ጋሽ ደምሴ ትንሽ ተቀመጡ። ሌሎችም ያወቁት ነበሩ፤ ያላወቁትም ሰምተው ጠየቁ። በየአፉ ደምሴ ተናገረ፤ አንዱ በወፍራም፣ አንዷ በቀጭን፣ ብሩክ ግን ቁርጥ በደምሴ በራሱ ድምፅ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ሳሪስ ላይ አዛውንቱ ሲወርዱ፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ክብሪቱን» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ሸኘኋቸው። እኔና ሙኒራ አልወረድንም። ለገሃር ደረስን፤ ብሩክ ሻይ አመጣልን፤ አብረን ተመለስን።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ከጻፍኩ በኋላ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ነፍስሽ ወጥታ ነበር ወይ? አላውቅም። ድምፁ የብሩክ ነበር፤ ይሄ ግልጽ ነው። ፊቱን ግን ማን አመጣው? ብሩክ ጠባሳ የለውም፤ ጥርሱም ግጥም ያለ ነው። ለነፍስ አባቴ በመጨረሻ ነገርኳቸው። «ሁለተኛ እንዳትሞክሪ» አሉኝ፤ ስግደትም ሰጡኝ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ጠሩኝና፣ «ለመሆኑ ደህና ነው? ምን ይመስላል?» አሉኝ። «ይስቃል» አልኳቸው።

ሶፋው ላይ መተኛት ትቻለሁ። የቀየረኝን ልንገራችሁ። የሞተብኝን ሰው ለማግኘት ቤት ዘግቼ ከራሴ ለመውጣት ስታገል ነበር፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን እንኳ ስለ እሱ ሲያወሩ፣ ይከብደኛል ብዬ ወሬ አስለውጣቸው ነበር። አሁን የሚያውቀውን ሰው ሳገኝ አስቀምጬ፣ «እንዴት ነበር የሚለው? አድርገህ አሳየኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ያፍራል። አንዳንዱ ተነስቶ ይራመድልኛል። እናንተም የጠፋባችሁ ካለ ብቻችሁን አትፈልጉት።

ሙኒራ የዚያን ቀን ስንመለስ ቃሊቲ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ «እኔ የእናቴ ፊት አልጠፋኝም» አለችኝ። «ስድቧ ነው የጠፋኝ። እኔ እዚህ ሱቅ ሆኜ ነው የሞተችው። እንደ እሷ የሚሳደብ ሰው አልነበረም፤ ሰምተሽ ትስቂያለሽ እንጂ አትቆጪም። አንዱም ትዝ አይለኝም።»

«እንደ እሷ የሚሳደብ ዘመድ የለም?»

አሰበች። «አክስቴ አለች። ወራቤ።»

ባለፈው ሳምንት ሄድን። አክስትየዋ ደጃፏ ላይ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ ቀጭን፣ ቁጡ አሮጊት። ሙኒራ ሰላም ብላት፣ ስማት፣ ስንት ዓመት ሳትመጣ ቆይታ ለምን እንደመጣች በስልጥኛ ነገረቻት። አሮጊቷ መፋቂያውን አስቀመጠች። ተነሳች። ከዚያ የወረደውን እኔ አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን የሚወርድበትን ፍጥነት ሳይ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ የንግግር ችሎታ አላየሁም። ሙኒራ እጇን አጣምራ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አንገቷን ደፍታ ሰማች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ስጠጋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋ ሒጃቧን አርሶታል፤ በእጇ ቀጥይ፣ ቀጥይ ትላለች።

አሮጊቷ ግራ ገባት። ሙኒራን አየች፤ እኔን አየች፤ ጣቷን ወደ እኔ አዞረችና በአዲስ ጉልበት ጀመረች።

«ምን አለችኝ?» አልኳት ሙኒራን።

ትንፋሽ እስክታገኝ ጠበቅኳት። «'ይቺን እብድ ይዘሽብኝ የመጣሽው አንቺ ነሽ' አለችሽ።»

«እውነቷን ነው በያት።»